ሌቨር ከመጨበጥህ በፊት አፈር ጨብጥ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሁለት ሙያዎች ናቸው። አንዱ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው፣ ሌላው የከባድ ማሽን ኦፕሬተርነት። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፣ ጥያቄያቸው ግን እርስ በርሱ ይነካካል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጠሁት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። መልሱ ለዓመታት ማሽን ላይ ተቀምጬ፣ በኋላም ሰልጣኞችን እያስተማርኩ ካየሁት የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ትምህርቴን ጨርሼ ሙያ ልማር ነው። ማሠልጠኛው የአካባቢ ጥበቃም የከባድ ማሽን ኦፕሬተርነትም ይሰጣል። አባቴ «ማሽን ተማር፣ ሥራ ያለው እሱ ጋ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዛፍና ውሃ ነው የምወደው። ማሽን ሲባል ዛፍ የሚነቅል ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ። ምን ይሻለኛል? (ልቡ ለሁለት የተከፈለ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ዶዘር ጫካ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ግን አንድ ታሪክ ልንገርህ።

አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኪሲሚ የሚባል ወንዝ አለ። ድሮ እየተጠማዘዘ ወደ 166 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። ጎርፉ አስቸገረ ተባለና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 ድረስ በማሽን ተቆፍሮ ቀጥ ያለ ቦይ ሆነ፣ ርዝመቱም ወደ 90 ኪሎ ሜትር አጠረ። ጎርፉስ ቀነሰ። ግን ከወንዙ ግራና ቀኝ የነበረው ረግረግ ደረቀ፣ የውሃ ወፎቹ ጠፉ፣ ዓሣውም ተመናመነ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2021 ደግሞ ሌሎች ኦፕሬተሮች መጡና ከዚያ ቦይ ላይ 35 ኪሎ ሜትር ያህሉን መልሰው በአፈር ደፈኑት። ውሃው የድሮ ጠመዝማዛ መንገዱን ያዘ። ወፎቹም ተመለሱ።

ቦዩን የቆፈረው ማሽን ነው፣ የደፈነውም ማሽን ነው። 35 ኪሎ ሜትር ቦይ በአካፋ አይሞላም። አየህ፣ አንተ የምትወደውን ነገር ለመመለስ ሌቨሩ (ማሽኑ የሚታዘዝበት እጀታ) ላይ የተቀመጠ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ወንዝ ለምን እንደሚጠማዘዝ የሚያውቅ ቢሆን ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነው።

ሁለቱን ማቀራረብም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀቱ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1942፣ ሥራ ያጡ ወጣቶችን ሰብስባ የጥበቃ ጓድ አቋቁማ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ወጣቶች አልፈውበታል፣ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ዛፍ ተክለዋል፣ ቦረቦር ደፍነዋል፣ መንገድ ሠርተዋል። ትራክተርና የጭነት መኪና መንዳት እዚያው የለመዱም ብዙ ነበሩ። ያኔ የአሜሪካ ሜዳ አፈር አቧራ ሆኖ እየተነሳ ይሄድ የነበረው ሣሩ በትራክተር ተገለባብጦ፣ ድርቅ ሲመጣ መሬቱ ራቁቱን ስለቀረ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። አንዱን ማስቀደም ግድ ከሆነ በአፈሩ ጀምር። ሌቨር በልምምድ እጅ ላይ ይገባል። መጀመሪያ አፈር ማየት ያልለመደ ኦፕሬተር ግን በኋላ የሚማርበት ጊዜ የለውም፣ ሥራው ያሯሩጠዋል። አባትህን ደግሞ አትጣላቸው፣ ስለ ሥራ ያሉት ትክክል ነው። «ሁለቱንም እማራለሁ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ተዉልኝ» በላቸው።

ከመመዝገብህ በፊት ደግሞ ማሠልጠኛውን ይህን ጠይቅ፦ አንድ ማሽን ለስንት ሰልጣኝ ነው? እኔ ብቻዬን መቀመጫው ላይ የምቆየው ስንት ሰዓት ነው? ሲሙሌተር (ማሽኑን አስመስሎ የሚያለማምድ መሣሪያ) ካላቸው ጥሩ ነው፣ እጅ ያፍታታል፣ ሰውም አይጎዳም። ግን ባልዲው ድንጋይ ሲነካ ወንበርህ ሥር የሚሰማህን ነገር አይሰጥህም። መልሱ «ሰርተፊኬቱ ይደርስሃል» ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ኤክስካቫተር (መቆፈሪያ ማሽን) እየተማርኩ ነው፣ አሁን ለልምምድ ሳይት ወጥቻለሁ። አሠልጣኛችን የላይኛውን አፈር ለይታችሁ ለብቻው ከምሩ ይለናል። የሳይቱ ኃላፊ ደግሞ «አፈር አፈር ነው፣ አታዘግዩኝ» እያለ ይጮህብናል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አሠልጣኙ ሥራ ያስቆመናል። እውነት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? (ከሁለት ሰው ትእዛዝ መሀል)

መልስ፦ ያመጣል። ይህ ዓምድ ለሌላ ምንም ጥያቄ ቦታ ባይኖረው ለዚህኛው እሰጠዋለሁ።

የላይኛው ለም አፈር ብዙ ቦታ ላይ ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጠቆር ይላል፣ ሥር ይበዛበታል፣ ሲታሽ ይፈረፈራል። የሞተ ቅጠል፣ ትል፣ ፈንገስ፣ ዘር፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። ከሥሩ ያለው ቀላ ወይም ገርጣ ያለው አፈር ለመሠረት ይሆን ይሆናል፣ ለሰብል ግን ድሃ ነው። ለም አፈር ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ለመወፈር እስከ 1,000 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። አንተ ግን በአንድ ባልዲ ከነሥሩ ትዝቀዋለህ። ሁለቱን ከደባለቅሃቸው በኋላ የሚለያቸው ማሽን የለም።

እኔ ይህን የተማርኩት መጥፎ ሥራ ሠርቼ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ማሳ ላይ ቧንቧ ሊቀበር ቦይ እንድቆፍር ተላክሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ቶሎ ጨርሱ ተባልን፣ እኔም ጥቁሩንም ቀዩንም አንድ ላይ ከመርኩ፣ ገልባጭ መኪናውም በፈለገው በኩል እየተመላለሰ ጫነ። ስንጨርስ መሬቱን አስተካክዬ ደፈንኩት፣ ላዩ ሲታይ ያምር ነበር። በሚቀጥለው ዝናብ በዚያ በኩል ሳልፍ ቆፍሬ በሞላሁት መስመር ላይ ሣር እንኳ አልበቀለም። ጎማው የሄደበት ሁሉ ውሃ አቁሮ ኩሬ ሆኗል። ባለማሳው ሽማግሌ አልተቆጡኝም። በትራቸውን ያልተነካው መሬት ላይ ወጉት፣ ገባ። ጎማው የሄደበት ላይ ወጉት፣ አልገባም። ምንም አልተናገሩም። ከዚያን ቀን በኋላ እርጥብ አፈር ላይ ማሽን አስነስቼ አላውቅም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ደህና አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍት ቀዳዳ ነው፣ አየርና ውሃ የሚይዝበት። አፈሩ እርጥብ ሳለ ሲረገጥ ቀዳዳው ይደፈናል። ሥር መግቢያ ያጣል፣ የዝናብ ውሃ ወደ ታች መስረግ ትቶ ላይ ላዩን ይሮጣል፣ የሮጠ ውሃ ደግሞ አፈር ይዞ ነው የሚሄደው። ጥፋቱ በአብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ዙር ነው። ስለዚህ መሄጃ መንገድ አንዴ ምረጥና ሁልጊዜ በዚያው ተመላለስ። ሌላው መሬት ይረፍ።

20 ቶን የሚመዝን በሰንሰለት የሚሄድ ኤክስካቫተር መሬቱን የሚጫነው በካሬ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፣ ከሚራመድ ሰው እግር ብዙም አይለይም። ክብደቱ ሰንሰለቱ ላይ ይዘረጋልና። የተጫነ ገልባጭ መኪና ጎማ ግን ከዚያ 10 እጥፍ በላይ ሊጫን ይችላል። ብዙ ጊዜ ማሳውን የሚገድለው ከአንተ ማሽን ይልቅ አንተ የምትጭነው መኪና ነው፣ የት እንደሚቆም አሳየው። አንተም ብትሆን ሰንሰለቱን ባለህበት አታዙር፣ መሬቱን ይገነጥለዋል። ሰፋ አድርገህ ታጠፍ።

አሁን የሚጠቅምህን ፈተና ላስተምርህ። ጠዋት ማሽን ሳታስነሳ፣ ከምትቆፍርበት ጥልቀት እፍኝ አፈር አንሳ። በመዳፍህ መሀል እንደ ክር አድቦልቡለው። ሳይሰነጠቅ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ከቀጠነልህ አፈሩ ከመጠን በላይ ረጥቧል፣ አትንካው። ክር ሳይሆን ከተፈረፈረ መሥራት ትችላለህ። አሸዋማ አፈር ስለማይጠቀለል እዚያ ላይ ይህ ፈተና አይሠራም። አፈር ማጠጋጋት ለሚያስተምሩ መሐንዲሶችም ይህ የ3 ሚሊ ሜትር ክር የታወቀ መለኪያ ነው፣ እኔ ከራሴ ያወጣሁት አይደለም።

ክምሩንም ከ2 ሜትር ብዙ አታስረዝመው። ሲረዝም ውስጡ አየር ያጣል፣ ያ ሁሉ ሕይወት ይታፈናል። ላዩ ላይ አትውጣበት፣ በባልዲም አትደብድበው። ስትመልስ መጀመሪያ የታችኛውን አፈር፣ ከዚያ ረገጣው ያጠበቀውን ቆፍረህ አላልተህ፣ በመጨረሻ ለሙን።

ኃላፊውን ግን በክርክር አታሸንፈውም። ሥራውን አሳየው። ባልዲው ያው ነው፣ የምትዞረውም ያው ነው፣ የሚለየው የት ዘረገፍከው የሚለው ብቻ ነው። ለሙን በስተግራ፣ ሌላውን በስተቀኝ። አንድ ቀን ሰዓት ይዞ ቢለካህ ይሄን ያህል እንደማትዘገይ ራሱ ያየዋል። ዝናቡ ላይ ግን አሠልጣኝህን ስማ።

ጥያቄ፦ የተማርኩበት ኤክስካቫተርና የተፈተንኩበት ሌቨሩ የተገለባበጠ ሆኖብኝ ወደቅሁ። ቡም (ከማሽኑ ጋር የተያያዘውን ትልቁን ክንድ) ላነሳ ስል አርሙ (ባልዲውን የሚይዘው ክንድ) ወጣ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፣ አይኤስኦ እና ኤስኤኢ ይባላሉ። በሁለቱም የግራው ሌቨር ወደ ጎን ሲሄድ ማሽኑ ይዞራል፣ የቀኙ ወደ ጎን ሲሄድ ባልዲው ይከፈታል ይዘጋል። ልዩነቱ ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋ ነው። በአይኤስኦ አርሙ በግራ፣ ቡሙ በቀኝ ነው። በኤስኤኢ ቡሙ በግራ፣ አርሙ በቀኝ። አንዳንድ ማሽን ላይ መቀየሪያ አለ፣ ብዙ ጊዜም የትኛው እንደሆነ ካቢን ውስጥ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። ወደማታውቀው ማሽን በወጣህ ቁጥር ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አድርገህ፣ ሰው በሌለበት፣ እያንዳንዱን ሌቨር በቀስታ ነካ ነካ አድርገህ እይ። ፈታኝ ፊትም ቢሆን ይህን አድርግ። ልባም ፈታኝ እንዲያውም በዚህ ነጥብ ይጨምርልሃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ የማሽን ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማሽን ተገልብጦ ሰው ሞተ ሲባል እሰማለሁ። ላስቀረው ወይስ ልተወው? (የአንድ ልጅ እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። ይህ ሥራ ቸልተኛን ይጎዳል። ግን አያስቀሩት። ይልቅ ማታ ሲመጣ እነዚህን ይጠይቁት፣ መልሱን ሲሰሙ እየተማረ መሆን አለመሆኑን ራስዎ ይለያሉ።

«ማሽኑ ቢያጋድል ምን ታደርጋለህ?» ይበሉት። «እዘላለሁ» ካለ ገና አልተማረም። ካቢኑ ሲገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ ተጠናክሮ የተሠራ ነው፣ ቀበቶውን ያሰረ ሰው ውስጡ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። የሚዘለው ነው ብዙ ጊዜ ማሽኑ ሥር የሚገኘው። ትክክለኛው መልስ «ቀበቶዬን አስሬ፣ መያዣውን ጨብጬ እቆያለሁ» ነው።

«ስትወጣና ስትወርድስ?» ይበሉት። ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ምንጊዜም ማሽኑን መያዝ አለባቸው፣ ፊቱም ወደ ማሽኑ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሰበረው ከካቢን ዘሎ ሲወርድ ነው።

ሦስተኛው ሰው ብዙም የማያውቀው ነው። የማሽኑ ዘይት ቱቦው ውስጥ የሚሄደው በከባድ ግፊት ነው፣ ትልልቅ ኤክስካቫተሮች ላይ 350 ባር ገደማ ይደርሳል። ቱቦው በመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢሾልክ የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲነካ እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው፣ አያምም ማለት ይቻላል። በሰዓታት ውስጥ ግን እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። ስለዚህ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ በእጅ አይፈልግም፣ በካርቶን ወይም በእንጨት ነው። ቆዳው ከተበሳ ደግሞ ነገ አይባልም፣ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት።

አራተኛው ቦይ ነው። ልጅዎ በቆፈረው ቦይ ውስጥ ራሱም ጓደኛውም ግድግዳው ሳይደገፍ ወይም ተዳፋት ሆኖ ሳይቆረጥ አይግቡ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ደረት ድረስ ብቻ የተቀበረ ሰውም መተንፈስ ያቅተዋል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ መከላከያ የሚያስገድደው ከ1.5 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው፣ እኔ ግን ለሰልጣኞቼ ከዚያም ባነሰ ጥልቀት እንዲጠነቀቁ ነው የምነግራቸው።

አራቱንም ከመለሰልዎ ይተኙ፣ እናቴ። ካልመለሰ እኔ እንዳልኩት ይንገሩትና በነጋታው አሠልጣኙን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ግሬደር መንዳት ነው የምፈልገው። ቤተሰቤ «ጉልበት ይጠይቃል፣ አትችይም» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጉልበቱን የሚሠራው ሃይድሮሊኩ (የዘይቱ ግፊት) ነው፣ ሌቨሩ በሁለት ጣት ይንቀሳቀሳል። ግሬደር ደግሞ ከማሽኖቹ ሁሉ ትዕግስትና ዓይን የሚፈልገው ነው፣ የመንገድ ዳገትና ቁልቁለት በሴንቲ ሜትር የሚወጣው በእሱ ነውና። ካስተማርኳቸው ውስጥ እጃቸው በጣም የሰከነ ሁለት ሴቶች ነበሩ። መዘጋጀት ያለብሽ ለሌላ ነገር ነው፦ ለአቧራው፣ ለጫጫታው፣ ለወንበሩ ንዝረት። የጆሮ መከላከያ ከመጀመሪያው ቀን አድርጊ፣ ወንበሩን በክብደትሽ ልክ አስተካክዪ። ብዙ ወንድ ኦፕሬተር ይህን ንቆ በአርባ ዓመቱ ወገቡን ይይዛል። ሳይቱ ላይ የሴቶች መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ መኖሩንም ሳታፍሪ ቀድመሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሙያተኛ ነኝ። አሁን ተዳፋት ቦታ ላይ እርከን በማሽን እያሠራሁ ነው። ኦፕሬተሩ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ የምለውን አይሰማም። መስመሬን እየሳተ ይቆፍራል። እንዴት ላግባባው? (ከተዳፋቱ ላይ)

መልስ፦ መጀመሪያ ካቢኑ ውስጥ ገብተህ ተቀመጥ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ እሱ አጠገብህ ቆሞ። ከዚያ ሆነህ መስመርህን ፈልገው። አይታይህም። ባልዲው ይጋርደዋል፣ በስተቀኝ ቡሙ ይጋርደዋል፣ ከኋላም ምንም አይታይም። አንተ መሬት ላይ ሆነህ በጣትህ የምታሳየው ነገር ለእሱ የለም። እምቢተኛ የመሰለህ ሰው ምናልባት አላየህም።

ስለዚህ ምልክትህን ለካቢን ሥራው። ችካሉ ረጅም ይሁን፣ ጫፉ ላይ ደማቅ ጨርቅ ይታሰርበት፣ መሬቱ ላይ ደግሞ ኖራ ይረጭ። በኤ ፍሬም (በA ፊደል ቅርጽ በተሠራው ደረጃ መለኪያ) ስትለካ ሁለቱ እግሮች እኩል መሆናቸውን እያገላበጥክ አረጋግጥ፣ ቱምቢው በሁለቱም በኩል አንድ ምልክት ላይ ካልወደቀ መለኪያህ ነው የተሳሳተው። የእርከን መስመር በትንሹ ቢያዘቀዝቅ ውሃው ሁሉ ዝቅ ያለው ጋ ተሰብስቦ ይጥሰዋል፣ ከታች ያሉትንም እርከኖች ተራ በተራ ይዞ ይወርዳል። ይህን ለኦፕሬተሩ ንገረው። ትእዛዝ ብቻ ሰጥተኸው ከሆነ ምክንያቱን እስካሁን አልሰማም።

አንድ ነገር ደግሞ አብራችሁ ሞክሩ። አብዛኛው ሰው አዲስ የተስተካከለ ተዳፋት ላይ ዶዘር በአግድም ቢሄድ ይሻላል ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው። ዶዘሩ ሽቅብና ቁልቁል ሲሄድ የሰንሰለቱ ጥርሶች አሻራ በአግድም ይቀራል፣ እያንዳንዱ አሻራ እንደ ትንሽ እርከን ውሃና ዘር ይይዛል። በአግድም ከሄደ ግን አሻራው ወደ ታች ይዘረጋና የጎርፍ መንገድ ይሆናል። በአግድም መሄድ ማሽኑንም ለመገልበጥ ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለውን ነገር አብሮህ ያየ ኦፕሬተር ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠይቅሃል።

ቀሪ ዛፎች ካሉ ዙሪያቸውን ከልል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ልክ የግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ ነው። ደረት ከፍታ ላይ ግማሽ ሜትር የሚወፍር ዛፍ ከግንዱ ጀምሮ በየአቅጣጫው 6 ሜትር ይከለልለታል። አብዛኛው ሥር ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ስለሚዘረጋ፣ ግንዱን ሳይነኩ ሥሩን ረግጠው የገደሉት ዛፍ የሚደርቀው ዓመትና ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ያኔ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ማንም አያስታውስም። ናፍታ የሚሞላበትን ቦታ ከወንዙ አርቅ፣ ሥሩ ሳፋ ይቀመጥ፣ አጠገቡም አሸዋ ይኑር። ማሽኑ ከሌላ ሳይት ሲመጣ ደግሞ ሰንሰለቱ መሀል የተጠቀጠቀው ጭቃ ተፍቆ ይታጠብ። መጤ አረም ከቦታ ቦታ የሚዞረው በዚያ ጭቃ ነው።

ሰውዬውን ደግሞ በዕድሜው ልክ አክብረህ ጥራው። ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ አብራችሁ መስመሩን በእግር ሂዱት። እሱ «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ ባልዲው አይገባም» ሲልህ ቆም ብለህ ስማው፣ መሬቱን በሌቨር ሲዳስስ የኖረ ሰው ነው። ችካሉን ያኔውኑ፣ እሱ እያየ፣ ነቅለህ ሌላ ቦታ ትከል።